በግድግዳ ውስጥ ስለሚሰወር ሽቦ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



በዚህ ስፍራ ስለ ግድብና ስለ ከፍተኛ ኃይል መስመር የተናገሩ ታላላቆቼ ቆመዋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን በሳሎን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቴሌቪዥን ሥር ተንጠልጥሎ ዓይን ስለሚያውክ ሽቦ ነው። ርእሱ ቢያንስባችሁ አልፈርድባችሁም፤ ለእኔም አንሶብኝ ነበር።

የቴሌቪዥን ሥርጭት በአዲስ አበባ በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከባድ ሣጥን ስለ ነበር ሽቦው ከጀርባው ተሰውሮ ይቀር ነበር። ዛሬ መሣሪያው ሣስቶ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የዲሹና የሪሲቨሩ ሽቦዎች እንደ ሐረግ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ይህንንም የቤቱ ባለቤት አይወደውም፤ እንግዳውም አይወደውም።

በ2014 ዓ.ም. በኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ይህንኑ ለማስወገድ ራሴ መሮና መዶሻ አነሣሁ። ሶኬቱ በስተቀኝ ከወለሉ አጠገብ፣ ቴሌቪዥኑ ግን መካከል ላይ ስለ ነበር፣ መንገድ ለማሳጠር ስል ልስኑን በሰያፍ ቦረቦርሁ። የማከፋፈያ ገመድ ወስጄ፣ ርዝመቱ ስላልበቃኝ በሌላ ገመድ ቀጥዬ፣ ቅጥያውን በፕላስተር ጠቅልዬ ያለ ቱቦ ቀበርሁት፤ በጄሶ ደፈንሁት፤ ቀለም ቀባሁት። እጅግ አማረ። የጎበኘኝ ሁሉ «ይህማ የመሐንዲስ ቤት ነው» እያለ ሄደ።

በ2016 ዓ.ም. እናቴ የሟች አባቴ ፎቶግራፍ ከቴሌቪዥኑ ጎን እንዲሰቀል ፈለገች። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ብረት ቀፎ ያለውን አሮጌ መሰርሰሪያችንን አነሣ። ከሶኬቱ በላይም ሆነ ከቴሌቪዥኑ በታች አልነካም፤ ማንም አስተዋይ ሰው ሽቦ አይኖርበትም በሚለው ባዶ ግድግዳ ላይ በሳ። የመሰርሰሪያው ጫፍ ሽቦዬን አገኘው። ወንድሜ ከቆመበት ወንበር ተወርውሮ ወደቀ፤ ክንዱ ተሰበረ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። ሆስፒታል ስደርስ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ ሽቦ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ገመዱን ከግድግዳው ሳወጣው ሌላ ነገር አየሁ። ቅጥያው ላይ የነበረው ፕላስቲክ ጠቁሯል። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን 150 ዋት ቢፈልግ በ220 ቮልት ከአንድ አምፔር በታች ነውና ገመድ አያሞቅም። ነገር ግን ከቴሌቪዥኑ ሥር ብቅ ባለው ማከፋፈያ ላይ አልፎ አልፎ 2,000 ዋት የሆነ ካውያ ይሰካ ነበር፤ ይኸውም 9 አምፔር ያኽላል። ቅጥያው ላልቶ ግማሽ ኦም ቢሆን፣ ከጣት ጫፍ በማትበልጠው በዚያች ቦታ 40 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት የብየዳ ብረት ሙቀት ነው። 16 አምፔር የሚችለው ብሬከር ደግሞ 9 አምፔር ሲያልፍ የሚቆርጥበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቋሚ ሶኬት ተከልሁ። ወደ እርሱ የሚሄዱት 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆኑ ሦስት ሽቦዎች፣ ሦስተኛው የመሬት መስመር ሆኖ፣ ከዞኮሎው በላይ በፕላስቲክ ቦይ አግድም ተጉዘው፣ ልክ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሲደርሱ በኮንዲዊት ውስጥ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። በሚታጠፉበት ቦታ ክዳኑ የሚታይ ሣጥን አለ፤ ክዳኑን ያየ ሰው ከበላዩ አይበሳም። ወደ መሬት 30 ሚሊአምፔር ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ጨመርሁ። ይህ መሣሪያ በዚያን ቀን ኖሮ ቢሆን ወንድሜ ከወንበሩ ባልወደቀም ይሆናል።

የምስሉ ሽቦ የተለየ ጣጣ አለው። የኤችዲኤምአይ ራስ ከነሽፋኑ 2 ሴንቲሜትር ያኽል ስለሚሰፋ በተለመደው ቀጭን ኮንዲዊት አያልፍም፤ ሽቦው ቢበላሽም ሳያፈርሱ መለወጥ የግድ ነው። ሰፊ ቱቦ ለመቅበር ደግሞ የብሎኬቱ የፊት ገጽ ስስ በመሆኑ እስከ ባዶው ክፍተት መስበርን ይጠይቃል። እኔ ግድግዳውን አልነካሁም፤ በላዩ የሚለጠፍ ቦይ አድርጌ በግድግዳው ቀለም ቀባሁት። ቀርቦ ላየው ይታያል፤ መታየቱንም አልጠላሁትም። በጭቃ ቤትማ ከዚህ ሌላ መንገድ አልመክርም፤ ጭድና ደረቅ ማገር ባለበት፣ አይጥም በሚመላለስበት ግድግዳ ውስጥ ሽቦ አይቀበርም። የኮንክሪት ዓምድንም ለሽቦ ሲሉ መቦርቦር ከቶ አይገባም።

በሙያችን ላይ አንድ ወቀሳ አለኝ። ባየኋቸው በብዙዎቹ የመኖሪያ ቤት ንድፎች ላይ የሳሎን ሶኬት የሚቀመጠው ከወለሉ 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ይሰቀላል። ያን ልዩነት ነዋሪው በመሮ እንዲሞላው ትተንለታል። በንድፉ ላይ አንድ ሶኬትና አንድ ባዶ ቱቦ ከነሲባጎው መጨመር ለእኛ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ግድግዳውን ከመድፈኔ በፊት ሜትር ዘርግቼ ፎቶግራፍ አነሣሁና በብሬከሩ ሣጥን ክዳን ውስጥ ለጠፍሁት። የአባቴ ፎቶግራፍ አሁን በትይዩው ግድግዳ ላይ ነው። የሰቀለው ወንድሜ ነው፤ ከመብሳቱ በፊት ሣጥኑን ከፍቶ የለጠፍሁትን ተመለከተ፤ ከዚያም፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሽቦ የለም እያልሁት፣ ዋናውን ብሬከር አጠፋው።