ሲጠብቅና ሲላላ፤ የአናጢ ቤት ቃላትና ዘመናችን

(በማኅበራችን የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቋንቋና ስለ ዘመን ጥቂት ቃል እንድናሰማ ማኅበሩ ባዘዘን ጊዜ፤ እንደ ደንቡ ወደ ንባብ ቤት መሄድ ይገባን ነበር። ሄድንም። ነገር ግን ገና መጽሐፉን ሳንገልጥ የተቀመጥንበት ወንበር አንድ እግሩ ከዳንና ከመሬት ጋር ተገናኘን። የቀድሞ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ መሬት ለአንባቢውም መድረሱን ግን ያን ቀን በገዛ ወገባችን አረጋገጥን።

ስለዚህ ይህ ንግግር የተሰናዳው በንባብ ቤት ሳይሆን ከሕንፃው ጀርባ ባለው የአናጢ ቤት ነው። ወንበሩን ተሸክመን በደረስን ጊዜ ሽማግሌው አናጢ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፤ አገላብጠው አዩትና «ይኼ እንኳ ይጠብቃል» አሉን። እኛም «ይጠብቃል ካሉ ይጠብቅ» ብለን ጥግ አስይዘነው ወደ ምሳችን ሄድን። በማግሥቱ ስንመለስ ወንበሩ እንደ ተኛ ነው።

«ጋሼ፤ ይጠብቃል አላሉንም?» ብንላቸው፤

«ብያለሁ እንጂ! መጋጠሚያው ይጠብቃል ብያለሁ። በዚያ በኩል ያዙልኝ ልላችሁ ዞር ብል የላችሁም» ብለው ተቈጡን።

ለካስ ወንበሩ ሳይጠብቅ ሲጠብቀን አድሯል።

የሰዋስው መምህሮቻችን አንድ ቃል «ይጠብቃል» ወይም «ይላላል» ሲሉ ይህንኑ የብሎን ነገር መናገራቸው መሆኑ የገባን ያን ዕለት ነው። በተለመደው አጻጻፋችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው የሚለይ ምልክት ስለማናደርግ፤ አንባቢ ሁሉ የራሱን ካቻቪቴ በአፉ ይዞ ይዞራል። «ገና» ሲላላ የሚያስቸኵል ነገር የለም፤ ሲጠብቅ ግን በግ መግዛት ይመጣል። «መሮ» ሲላላ እንጨት የሚበሳበት መሣሪያ ነው፤ ሲጠብቅ ግን ወር ሳይሞላ ከተማሪ አፍ የሚሰማ ቃል ነው። እኛን ብትጠይቁን መሮ የለንም፤ ግን መሮናል።

ወንበሩን ለመጠገን አንድ ሳምንት ተመላለስን። በዚያም ሳምንት አንድ ነገር ተረዳን። የአናጢ ቃላት እንደ ብዙዎቻችን ከአገር ቤት ተነሥተው ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ገብተዋል። ከገቡም በኋላ ዘመድ ቢያገኛቸው አያውቃቸውም።

ወራጅን እንይ። ወራጅ ማለት ከጣሪያው አናት ወደ ግድግዳው የሚወርድ እንጨት ነው። ዛሬ በታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ጣሪያውን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያየው ወደ በሩ ነው። የወራጆቹ ጫፍ ተሰብስቦ የሚገናኝበት የጎጆው እምብርት ደግሞ ዋልታ ይባላል። እርሱም ከአገር ወጥቶ ሰሜን ዋልታና ደቡብ ዋልታ ሆነና በረዶ ለብሶ ተቀመጠ። ቋሚ «ቋሚ ሠራተኛ» እና «ቋሚ ኮሚቴ» ተብሎ ቢሮ ገባ። አግዳሚ ኳስ ሜዳ ወርዶ ግብ ይከለክላል። ማገር ብቻ ዘመድ ስላልነበረው ከነጭቃው ቀረ። አልፎ አልፎ በበዓል ቀን «የሀገር ዋልታና ማገር» ተብሎ ለንግግር ይጠራል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

መድረክ ከሁሉ ይልቅ ተሹሟል። በመጽሐፈ ሳሙኤል የዳጎን ካህናት አይረግጡትም የተባለው መድረክ የበር ደፍ እንጂ የተናጋሪ ስፍራ አልነበረም። ያን ጊዜ ሰው መድረክ ሲደርስ እግሩን ያነሣ የነበረው እንዳይሰናከል ነው፤ ዛሬ የሚያነሣው ከፍ ብሎ ለመታየት ነው። መሰናከሉ ግን አልቀረም። እኛም ዛሬ ማታ እዚያው ላይ ነን።

መዋቅርም እንዲሁ ነው። ቀድሞ የሚዋቀረው ቤት ነበር፤ ዛሬ መዋቅር በወረቀት ላይ በሣጥን በሣጥን ይሣላል፤ ሣጥኖቹም እንጨት የላቸውም። ደግሞም በየጊዜው ይለዋወጣል። እንዲህ የሚለዋወጥ ጎጆ ቢኖር ባለቤቱ በክረምት ባለቀለት ነበር። ቅርንጫፍ ከዛፍ ወርዶ ወደ ባንክ ሄዷል፤ ዛፉ ሲመነጠር ባንኩ ያቈጠቍጣል፤ ወፍ ግን አይሰፍርበትም። ሰሌዳም ቢሆን የሚጻፍበት ገበታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መኪና ሰሌዳ አለው፤ ኮምፒውተር የቁልፍ ሰሌዳ አለው፤ ጊዜም ሳይቀር ሰሌዳ አለው። የጊዜ ሰሌዳችን እንጨት ቢሆን ኖሮ ስንዘገይ «ምስጥ በላው» ብለን ባመካኘን ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ። ከአናጢው ቤት መዝገበ ቃላት ብዙው ጣሊያንኛ ነው፤ ጣውላ፤ ኮምፔንሳቶ፤ ሰጋቱራ፤ ሞርሳ፤ ካቻቪቴ፤ ሞራሌ። በ1928 ዓ.ም. የገባው ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ፤ የአክሱምን ሐውልት ሮማ ላይ አቁሞ ጣውላን ለኛ ትቶልን ሄደ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ሰጋቱራውን ግን መልሱልን ያለ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ከነዚህ እንግዶች ሁሉ ተንኰለኛው ሞራሌ ነው። አንድ ባልንጀራችን ከፈተና ወጥቶ በአናጢው ቤት ደጃፍ ሲያልፍ፤ ፊቱ መክፋቱን ያዩት ሽማግሌ «ምን ሆንክ ልጄ?» ቢሉት፤

«ተዉኝ ጋሼ፤ ሞራሌ ተሰበረ» አላቸው።

«አይዞህ፤ ስንት በስንት ነው? አራት በአምስት ከሆነ ቍራጭ አለኝ» አሉት።

የተሰበረው የትኛው ሞራል መሆኑ ከገባቸው በኋላ ግን መዶሻውን አስቀምጠው ሻይ ጋበዙት። ባልንጀራችን እንደሚለው ከሆነ ሻዩ ከቍራጩ ይልቅ ጠግኖታል።

ሌላው የነገሩን ስለ አንድ አዲስ ረዳታቸው ነው። «ከላግኸው በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግና ለስላሳ አድርገህ አምጣልኝ» ብለው ይልኩታል። ልጁም ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአንድ እጁ ብርጭቆ፤ በሁለተኛው እጁ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዞ ብቅ አለ። ወረቀቱን ብቻ ረስቷል። «ተቈጡት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ምን እቈጣለሁ፤ ሞቆኝ ነበርና ጠጣሁት» አሉን።

እስከዚህ ድረስ ስቀናል። አሁን ግን ከሣቁ ሥር ያለውን ነገር እንንካ።

ያ የወደቀው ወንበር ዋንዛ ነበር። የተሰበረውም እንጨቱ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። አጠገቡ ለመጣል የተቈለሉት አዳዲሶቹ ወንበሮች ግን መጋጠሚያቸው ሳይሆን ራሳቸው ፈርሰዋል። ኤም. ዲ. ኤፍ. የሚባለው ሰሌዳ እንጨት እንደ ጥጥ ተፍታቶ፤ በሙጫ ተለውሶ፤ በሙቀት ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። ላዩ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ይለጠፍበታል። ውሃ ሲነካው እንደ አዲስ ሹም ያብጣል፤ አንድ ጊዜ የወጣ ብሎንም ተመልሶ አይጠብቅበትም። አክሱማውያን ደግሞ ሐውልታቸውን ሲያቆሙ የእንጨት ቤትን በሩን፤ መስኮቱንና የሠረገሎቹን ጫፍ ሳይቀር በድንጋይ ቀርጸው አስመሰሉት። ያ የሠረገላ ጫፍ «የጦጣ ራስ» ይባላል፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዛሬም እውነተኛው እንጨት ይታያል። እነርሱ እንጨትን አክብረው በድንጋይ ጻፉት፤ እኛ እንጨትን አድቅቀን ሥዕሉን እንለጥፍበታለን።

በዚህ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ዋንዛና ዝግባ ከየት ይምጣ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፤ ዋንዛን፤ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቍረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል። ነገር ግን እንጨቱ ካነሰ፤ ያለውን የሚጠግን እጅ ይበልጥ መከበር ነበረበት። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ወንበር በአገራችን ታላቅ ቃል ነው። በቅኔው ቤት አንድ ሊቅ ወንበር ተከለ ሲባል ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ሲወስን፤ ሰው የተረዳው የወንበር ቍጥር አድርጎ ነው፤ ጋዜጣውም «ይህን ያህል ወንበር አሸነፈ» ይላል እንጂ ወንበሩ ዝግባ ይሁን ጥድ አይነግረንም። ሊቀ መንበር ማለትም የወንበር አለቃ ማለት ነው። ክቡር ሊቀ መንበራችን ይቅርታ ያድርጉልንና፤ በንባብ ቤታችን ስንት ወንበር ተሰብሮ እንደ ተቈለለ ብንጠይቃቸው ያውቁት ይሆን? እኛ ቈጥረነዋል፤ 43 ነው።

ከወንበር ቀጥሎ የሚመጣው «ፈላጭ ቆራጭ» ነው። ይህ ስም በመጥረቢያ ፈልጦ በመጋዝ ቆርጦ የሚያድር የአንድ ምስኪን ሠራተኛ ስም መሆን ይገባው ነበር። ቃሉ ግን ቤተ መንግሥት ገባና ሲወርድ ሲዋረድ በየቢሮው ተቀመጠ። ይህን ለሽማግሌው ብንነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እኔም እፈልጣለሁ፤ እቆርጣለሁ። ግን ዐሥር ጊዜ ለክቼ ነው አንድ ጊዜ የምቆርጠው» አሉን። ከዚህ የተሻለ የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት በክፍል ውስጥ ሰምተን አናውቅም። እኛም ግን እንዳንኰራ፤ የተማሪ ስብሰባ ደግሞ ዐሥር ጊዜ ለክቶ መጋዙን ለሚቀጥለው ሳምንት ያስተላልፋል። ቍርጡን ንገሩን ሲባልም ወደ ሥጋ ቤት የሚወስድ አለ።

መምህራኖቻችንም «ተማሪን መቅረጽ» ይላሉ። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ሽማግሌው እንዳሳዩን፤ ቀራጭ አስቀድሞ የእንጨቱን ጅማት ያያል፤ ከጅማቱ ጋር ካልሄደ ይሰነጥቀዋል። ጉጥ ያለበትንም እንጨት አይጥሉትም። «ጉጥ ማለት ቅርንጫፍ የነበረበት ነው፤ ከእንጨቱ ሁሉ የሚጠነክረው እሱ ነው» ይላሉ። በየክፍሉ ጥያቄ በማብዛቱ ጉጠኛ የተባለ ሁሉ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል።

አሁን ቍርጡን እንናገር። እኒህ ሽማግሌ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። በቦታቸውም ሌላ አናጢ አይቀጠርም፤ የተሰበረ ወንበር ተጥሎ አዲስ ይገዛል ተብሏል። ወንበሩን ይዘን ስንመላለስ ያየን አንድ ወዳጃችን «ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ አናጢ ልትሆኑ ነው?» ብሎ ሳቀብን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በእጁ ሥራ እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ተልጎ ለሰለሰ እንጂ አልተቈረጠም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ በየቅዳሜው ጧት ከየፋኩልቲው ሁለት ሁለት ሰው ወደ አናጢው ቤት ይምጣ። ሽማግሌው ፈቅደዋል፤ ሻዩን እኛ እናፈላለን። አንድ እንጨት አይነድም፤ አንድ ሰው አይፈርድም ይባላልና 43ቱን ወንበር አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። ስንጨርስም ወንበሩ ብቻ ሳይሆን ጥበቡም ይተርፈናል፤ መጋጠሚያና ጅማት፤ ጉጥና ጠርዝ የሚሉት ቃላትም ከእጃችን ጋር ይቈያሉ። ቃል የሚሞተው ከመዝገበ ቃላት ሲጠፋ አይደለም፤ የሚይዘው እጅ ሲያጣ ነው።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ወንበሮቹ ይጠብቃሉ። ይህን የመጨረሻ ቃል አጥብቃችሁ ብታነቡትም፤ አላልታችሁ ብታነቡትም እኛ ቅር አይለንም።