መምህር ያልፋል፣ ትምህርቱ ማሳ ላይ ይቀራል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)






በዓል ሲከበር ያሉት ይሰበሰባሉ፣ ያለፉትም ይታወሳሉ። ይህ ዩኒየን ሲቋቋም የመጀመሪያውን ዕጣ ከገዙት አባቶችና እናቶች መካከል ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሌሉ አሉ። እነሱን በማሰብ፣ ለአርሶ አደሩ ብዙ የደከሙ አንድ መምህር በዚህ መድረክ ቢነሱ ተገቢ ይሆናል። እኚህ ሰው መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው።

ዶክተር ተወልደብርሃን በ1932 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህርና የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ በኋላም የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንንም ለብዙ ዓመታት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር ላይ የአፍሪካ አገሮችን ወገን ይዘው በመከራከር ስማቸው በዓለም ታወቀ።

እኚህ ታላቅ ምሁር ግን ስለ እበትና ስለ ገለባ ማስተማርን አልናቁም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር በመሆን በትግራይ ገጠሮች ከአርሶ አደሩ ጋር የኮምፖስት ሥራ አስጀመሩ። ቦታው የተራቆተ፣ አርሶ አደሩም አቅም ያነሰው ነበር። ቆይቶ በተሰበሰበው የምርት መረጃ መሠረት፣ ኮምፖስት የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት ማሳ በእጅጉ የተሻለ ምርት ሰጥቷል።

አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደረቅ ገለባና አገዳ ከታች ይነጠፋል። እርጥብ ቅጠልና አረም ይከተላል። እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር ይደረብበታል፣ ውኃም ይረጫል። መሐሉ ላይ ዱላ ይተከላል። ዱላው ሲነቀል ሞቅ ብሎ ከረጠበ ሥራው እየሄደ ነው፤ ከቀዘቀዘና ከደረቀ ግን ውኃ ተጨምሮበት መገልበጥ አለበት። ከወራት በኋላ ጠቆር ብሎ የአፈር ሽታ ሲሰጥ ደርሷል ይባላል። በዚያን ጊዜ የትኛው የጤፍ ገለባ፣ የትኛው አረም እንደነበር የሚለይ የለም። ኃይሉ ግን በሰብሉ ላይ ይታያል።

የመምህርም ነገር እንዲሁ ነው። ዛሬ በጓሮው የኮምፖስት ጉድጓድ ያለው ብዙ አርሶ አደር የዶክተር ተወልደብርሃንን ስም ሰምቶ አያውቅም። ከጎረቤቱ አይቶ ነው የጀመረው፤ ጎረቤቱም ከሌላ። መምህሩ ተረሱ ማለት ግን አይደለም። ትምህርታቸው ያለ እሳቸው መሄድ ቻለ ማለት ነው። ለአንድ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ሐውልት የለም።

ሁለተኛው ቅርሳቸው የዘር ጉዳይ ነው። የአካባቢ ማኅበረሰብ የዘር ሀብቱን የመጠቀምና እርስ በርሱ የመለዋወጥ መብቱ በሕግ እንዲታወቅ ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረዋል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን መብት በአገራችን ሕግ አስፍሮታል። ይሁን እንጂ ሕግ መብትን እንጂ ዕውቀትን አይጠብቅም። የትኛው የማሽላ ዛላ ለዘር እንደሚመረጥ፣ የትኛው ገብስ ውርጭ እንደሚችል፣ የበቆሎው ዘር ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ለምን እንደሚሰቀል የሚያውቁ አዛውንቶች በየዓመቱ እያለፉ ነው። ዘሩ በጎተራ ቢቀር እንኳ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ተራ እህል ነው፤ ተፈጭቶ ይበላል።

የልማት ሠራተኛ ይዛወራል፣ ሊቀመንበር በምርጫ ይለወጣል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ተራው ሲደርስ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከሚቀጥለው የመኸር አጨዳ በፊት አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ወጣቶችን ማሳ ላይ ይዘው የዘር መረጣ እንዲያስተምሩ ቢያደርግ መልካም ነው። የተማሩትም በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ግማሽ ቀንና አክብሮት ይበቃል። የወረዳው ኃላፊዎችም ከጎን እንዲቆሙ አደራ ይባላሉ።

ጥያቄው አንድ ነው፦ የዛሬ ሃያ ዓመት ይህ በዓል ሲከበር፣ አሁን እዚህ የተቀመጠው ሰው ባይኖር፣ ያወቀው ነገር በማን እጅ ይገኛል? መልሱን ለእያንዳንዱ ማሳው ይነግረዋል።

ያለፉትን ነፍስ ይማር። ያሉትንም ለማስተማር ዕድሜ ይስጥ።