የእንግዳ ዕዳ

ተመራቂዎች፤ የክብር አጠራሩን እዚህ ላይ ላቁመው። ከእኔ በፊት የተናገሩት አሟልተውታል፤ ፀሐዩም እየበረታ ነው፣ የለበሳችሁትም ጥቁር ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርሁ። ዕድሜዬን የጨረስሁት የክትባት ሣጥን በበቅሎ አስጭኜ በምሥራቅ ጎጃም ቀበሌዎች ስዞር ነው። ስለ ሥራ ፈጠራ እንድናገር የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የማውቀው መንገድ ነው፤ ስለ መንገድ አወራለሁ።

አንድ ጊዜ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ጮቄ ተራራ ወጣን። እርሱ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ። በጎቹን ከትበን ሳንጨርስ ጉም ወረደብን። ጮቄን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ሲወርድ ከጅብራው በቀር የሚታይ የለም፣ ጅብራውም ከሩቅ ጋቢ የደረበ ሰው ይመስላል። ካንድ ግቢ ደጃፍ ቆመን “የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን” አልን። “ቤት ለእንግዳ!” አሉ አንዲት እናት። ውሻው ታሰረ፤ ውሃ ሞቆ እግራችንን ታጠብን፤ የእንግዶ ቂጣና ድንች ቀረበ፤ ባና ደረቡልን። እስከዚህ ያለው ሁላችሁም ያደጋችሁበት ወግ ነው። ከራት በኋላ ግን ሒሳቡ መጣ።

ሒሳቡ ወሬ ነው። እንግዳ ሲመጣ ያየውን ይናገራል፤ ሳይናገር አይተኛም። የጨው ዋጋ ተጠየቅን፣ የደጀን ዝናብ ተጠየቅን፣ የከብት በሽታ የት እንደገባ ተጠየቅን፤ መለስን። ከዚያ እናትየዋ ወደ ባልደረባዬ ዞር አሉና “አንተ የማርቆስ ልጅ ነኝ ብለሃል፤ ይች የኛ ጨሞጋ ማርቆስ ስትደርስ ምን ታህላለች?” አሉት።

የጨሞጋ ወንዝ የምትነሣው ከጮቄ ነው። እዚያ ላይ ልጅ በአንድ ዝላይ ይሻገራታል። እኒያ እናት ከተማ ወርደው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንስራቸውን የሚሞሉባት ውሃ ከደጃቸው ወርዳ ምን እንደምትሆን ማወቅ ፈለጉ። ባልደረባዬ ጥቂት ዝም አለና “ትልቅ ናት” አለ። “ምን ያህል? በበጋ ከብት ታሻግራለች? ልብስ ይታጠብባታል? ዳርዋን ያርሱታል? ውሃዋስ እንደዚህ ጥሩ ነው?” ጥያቄው አላልቅ አለ። እርሱ ጨሞጋን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት፣ ድልድዩን ሲሻገር ብቻ ነበር። አንድ ልጃቸው ከምድጃው ወዲያ ሆኖ “ኧረ እማዬ ተይው፤ እንቅልፉ መጥቷል” ብሎ አዳነው። ሲነጋ ስንሰናበት “እንግዲህ ስትመለስ አይተህ ትነግረኛለህ” አሉት። የቀለዱ መስሎት ሳቀ። ግን ከወራት በኋላ ሌላ ዙር ክትባት ስለነበረ መመለሳችን አይቀርም ነበር።

ይህ ሰው አንድ ቅዳሜ ዱላውን ይዞ ከድልድዩ ተነሣና ወንዙን ተከትሎ ወረደ። በሌላ ቅዳሜ ደግሞ ሽቅብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ ብላችሁ እዋሻለሁ፤ ያው ነው፣ እስከ ዛሬም ግትር ነው። የተለወጠው የሰኞና የማክሰኞው ነገር ነው። ቡና ስንጠጣ ከደመወዝና ከዝውውር ሌላ ወሬ ያልነበረን ሰዎች ስለ ጎርፍና ስለ ባሕር ዛፍ እንጨቃጨቅ ጀመር። ገበያ የሚገዛውን ሽንኩርት ማን እንዳለማው፣ በየትኛው ዳር እንደበቀለ ያውቃል፤ ሻጯን በስሟ ይጠራታል። ሁለተኛ ስንወጣ ለእናትየዋ እስከ እኩለ ሌሊት ነገራቸው። ሰምተው ሲያበቁ “ከዚያስ የት ትገባለች?” አሉ። “ዓባይ።” “እሱንስ አይተኸዋል?”

እናንተንስ ብጠይቃችሁ? አዲስ አበባ ደርሳችሁ ስትመለሱ ከጉሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ ሸለቆ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። አናቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰም፣ ከታች የአሸዋ ድንጋይ። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል አለ፤ ደጀን በዳይኖሰር ዘመን ባሕር ነበር! ላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል። ይህ ሁሉ በመስኮት ሲያልፍ የኛ ምሁር መጋረጃውን ስቦ ስልኩን ይነካካል። አይቼ ነው የምናገረው፤ አጠገቤ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ ሊያይ በ1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ደረሰ። ጉረኛ ነበር፤ በ1618 እ.ኤ.አ. የቀደመውን ፔድሮ ፓኤዝን ላለማመን ብዙ ደክሟል። የሰከላ ሰው ሁለቱንም አልጠበቀም፤ ውሃው ድሮም ጸበሉ ነበር። ቢሆንም ብሩስ መጥቷል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቱ ሄዷል?

ጎጃም ደግሞ ጉዞን ከፈረንጅ አልተማረም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየተሟገተ ነው የተማረው። ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይወጣል። የቅኔውን ወርቅ መምህሩ ሊያስተምረው ይችላል። ሰሙን ግን ከየት ያመጣዋል? ከገበሬው ሞፈር፣ ከንቡ ቀፎ፣ ከሞላ ወንዝ ነው፤ ያን ያየው በመንገድ ነው። የእንዶዳሙ ሐዲስ ዓለማየሁም ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ እያለ ተምሮ፣ በኋላ ጣሊያን አገር ተግዞ፣ በዲፕሎማትነት ብዙ አገር ኖሮ በ1958 ዓ.ም. “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሰጠን። የመጽሐፉን ባለታሪክ በዛብህን ከማንኩሳ ዲማ ድረስ የሚወስድ መንገድ በጠረጴዛ ዳር ተቀምጦ የሚፈጠር አይመስለኝም።

ይህን ስናገር ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። ዛሬ “መንገዱ ሰላም ነው ወይ?” ሳይባል የሚጀመር ጉዞ የለም። ከእናንተ መካከል መንገድ ተዘግቶበት ቤተሰቡን ሳያይ የከረመ አለ፤ ለቅሶ ያልደረሰም አለ። ሂዱ ብዬ ማንንም አደጋ ላይ አልጥልም። ሩቁ ሲከፈት ታዩታላችሁ፤ እስከዚያው በእግር ደርሶ የሚመለሱበት አጥቢያ ሞልቷል።

ስትሄዱም፣ ይህ የእኔ አመል ነው፣ ስትችሉ ሆቴል አትደሩ። ሆቴል የሚጠይቃችሁ መታወቂያ ነው። ቤት ያደረ ሰው ግን ይጠየቃል፤ ሊጠየቅ መሆኑን ያወቀ ሰው ደግሞ የራሱን ሰፈር አስተውሎ ይወጣል። እኔ ስለ እንጅባራ ቀርከሃና ስለ አዊ ፈረሶች የማውቀው ሁሉ በዚህ የተገኘ ነው። የፋግታ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን እንዴት እንደሚያሳርፍ የነገረኝ የግብርና ቢሮ አይደለም፤ ያሳደረኝ ሰውዬ ነው። እኔም በልዋጩ ስለ ጮቄ በጎች እስኪሰለቸው ነግሬዋለሁ። ነርስ ወይም መምህር ሆናችሁ ገጠር የምትመደቡ በተለይ ስሙኝ፤ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ወደ ከተማ አትሽሹ።

ለዛሬ ግን ሥራ አለባችሁ። እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች ማርቆስን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ብዙ ናቸው፤ እዚህ ለመድረስም ምን እንደከፈሉ እናንተ ታውቃላችሁ። ፎቶ አንሥታችሁ፣ ምሳ አብልታችሁ ብቻ መናኸሪያ አትሸኟቸው። የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሳልሟቸው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት አሳዩአቸው፤ ከተማው መንቆረር ይባል እንደነበርም ንገሯቸው። እናቶቻችሁ ጥያቄ ያበዛሉ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖራችሁ መልሱ ከጠፋችሁ፣ አደባባይ ላይ ካሉት የባጃጅ ልጆች አንዱን ጠይቁ።