በባቡር እስከ ባሕር
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ አንድ ጉዞ ልነግራችሁ ነው። ይኸውም ከካዛንቺስ በእግር ከማይርቀው ከለገሃር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ ባሕር ይወርድ የነበረው የምድር ባቡር ጉዞ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሐረር በተራራ ላይ ስላለች ሐዲዱ ሊወጣላት አልቻለም፤ ስለዚህ ከሥሯ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ እርሷም ድሬዳዋ ናት። መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

እኔ በዚህ ባቡር የሄድሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ፈተና ስለ ነበረብኝ ከለገሃር እንደ ተነሣን የጂኦግራፊ ደብተሬን ገልጬ ማጥናት ጀመርሁ። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ነጋዴ ጥቂት ታግሠው፣ «ልጄ፣ ምን ታነባለህ?» አሉኝ። «እማማ፣ ስለ አገራችን ነው» አልኋቸው። «እንግዲያው ደብተሩን እጠፈውና በመስኮት እይ፤ አገርህ እያለፈህ ነው» አሉኝ። አፈርሁ፤ ደብተሩንም አጠፍሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና ናዝሬትን አልፈን ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንወርድ፣ በለገሃር ብርድ የተከናነብነው ጋቢ እየከበደን ሄደ። መተሐራ ስንደርስ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተነጥፎ፣ ከአጠገቡ የበሰቃ ሐይቅ ተኝቶ አየን። ከዚያም የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻገርን። በየጣቢያው ቋንቋው ይለወጥ ነበር፤ አማርኛው ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሶማልኛ ይሆናል። ባልቴቲቱ ግን ከሁሉም ጋራ በየቋንቋው ይከራከሩ ነበር!

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአዋሽ ወንዝ ከደጋ ተነሥቶ ይህን ያህል አገር ቢያጠጣም ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወንዙ ያልደረሰበት ባሕር ባቡሩ ደረሰ። በሆልሆል ድልድይ ላይ አልፈን፣ ከብዙ ድንጋያማ በረሃ በኋላ ሰማያዊው ውሃ ብቅ ባለ ጊዜ በፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔም ያን ዕለት አገሬ በካርታ ላይ እንደማውቃት ጠፍጣፋ ወረቀት አለመሆኗን ተረዳሁ።

ዛሬ ከለገሃር ወደ ጅቡቲ የሚነሣ ባቡር የለም፤ የአሮጌው ባቡር አገልግሎት ከአዲስ አበባ በ2000 ዓ.ም. ግድም ቆሟል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚቀበለው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ነው። በካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. አያሌ ቤቶች ፈርሰው ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል። ለውጥ አይቀርም፤ ነገር ግን ማስታወስ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በዕረፍታችሁ ጊዜ በአዲሱ ባቡር በቀን ሂዱ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ስልካችሁንም በኪሳችሁ አድርጉ። ሁለተኛ፣ በለገሃርና በድሬዳዋ ያሉትን ሽማግሎች የምድር ባቡር ሠራተኞች ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጻፉ። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ስለ አፋሩ፣ ስለ ከረዩው፣ ስለ ኢሳው ውሳኔ የምንጽፍ እኛ ነን። ደጁን በመስኮት እንኳ ሳናይ በምን አፋችን እንናገርለታለን?