«አደገኛ ቦዘኔ» የተባለው ልጅ እኔ ነበርኩ!

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የ15 ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ተቃውሞ የወጡ የሰፈሬ ልጆች በማታው ዜና «አደገኛ ቦዘኔ» ተባሉ። እናቴ ዞር ብላ «አንተንም ነው እንዴ?» አለችኝ። ይሄ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 384 ወንጀል የሆነ ስም ነው። ዳኛ ሳይፈርድ ዜና አንባቢ ፈረደ! በኋላ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችን ሞት መዘገበ፤ ታዳጊዎችም ነበሩባቸው።

ግን ጣቴን ወደ ሌላው ብቻ አልቀስርም። እኔም የፖሊስ መግለጫ ይዤ፣ አንድ ልጅ እንኳ ሳላነጋግር፣ «ወሮበሎች» ብዬ ጽፌአለሁ። እባካችሁ፣ ስም ከመለጠፋችን በፊት ዕድሜውንና የራሱን ቃል እንጠይቅ። ልጁን ሬሳው ሲነሳ ሳይሆን በቁሙ እንስማው።