ከዋግ ተራሮች ሥር

የሰቆጣና የአካባቢዋ ወገኖቼ፤

ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ እናት አስቀድማ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብላ ከጮኸች ትወስዳታለች፤ ድምጿ ከታፈነ ተሰንጥቃለች ብላ ትመልሳታለች። ጂኦፊዚክስም ምድርን የሚመረምረው እንዲሁ ነው። የሰው ልጅ ቆፍሮ የደረሰበት ትልቁ ጥልቀት፣ በሩሲያ ኮላ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ እስከ ምድር መሐል ግን 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያንኳኳልን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

መንቀጥቀጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ በምድር ውስጥ ይልካል። ፈጣኑ በድንጋይም በፈሳሽም ያልፋል። ዘገምተኛው፣ ድንጋዩን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚጓዘው፣ ፈሳሽ ሲገጥመው እዚያው ይቀራል። የምድር ውጫዊ እምብርት የቀለጠ መሆኑን ያስታወቀን የዚህ ሞገድ መቅረት ነው።

በአገራችን ይህን ድምፅ በመሣሪያ ማድመጥ የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን መሠረቱ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ መሣሪያው ሥራ ላይ ነበር። አባ ጉዋን ከነገሥታት ዜና መዋዕል ሳይቀር የጥንቱን መንቀጥቀጥ ለቅመው መጽሐፍ ጽፈዋል፤ በእኔ ግምት ታላቅ ውለታ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ከዚህ ወደ ላስታ ስትሄዱ በየገደሉ እንደ ደረጃ የተነባበረውን ጥቁር ድንጋይ ታያላችሁ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየቀለጠ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፍሰት ነው። ያን ሁሉ ድንጋይ ምን አቀለጠው? ፍንጩን የሚሰጡን እነዚያው ሞገዶች ናቸው። ከሩቅ አገር መንቀጥቀጥ ተነሥተው በኢትዮጵያ ሥር የሚያልፉ ሞገዶች ዘግይተው ይደርሳሉ። የሚዘገዩት ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ዐለት እጅግ ስለሞቀ፣ በከፊልም ስለቀለጠ ነው። ሙቀቱ ዛሬም እንዳለ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ በዳባሁ፣ መሬቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ፤ ቅልጥ ዐለትም ከታች ገባበት። ሳተላይቶች በራዳር ለኩት።

መምህራን ሆይ፣ ስለ ሞገድ ስታስተምሩ በገመድና በውሃ ምሳሌ አታብቁ፤ ተማሪዎቹን አውጥታችሁ ገደሉን አሳዩአቸው። እናንተም ወገኖቼ፣ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ የሚሻው ከመኪና መንገድና ከወፍጮ የራቀ ጸጥታ ነው፤ ዋግ ደግሞ ይህን አልተነፈገችም። ተመራማሪዎች መትከያ ቦታ ሲጠይቋችሁ ስጧቸው፤ የተተከለውንም ጠብቁላቸው።