የካንሰር ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ስለ መውለድ ጠይቁ

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ካንሰር የያዛቸውን ልጆችና ወጣቶች ይመለከታል።

በልጅነት ከሚይዙት ካንሰሮች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የደምና የንፍፊት ካንሰር፣ በጊዜ ከታከሙ የመዳን ተስፋ አላቸው። የዳነ ልጅ ያድጋል፤ ትዳር ይይዛል፤ ልጅም ይመኛል። ነገር ግን አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሳይክሎፎስፋማይድ በብዛት ሲሰጥ፣ እንዲሁም ከእምብርት በታች የሚሰጥ ጨረር፣ የወንዱን የዘር ፍሬና የሴቷን እንቁላል ማምረቻ ሊጎዱ ይችላሉ። ጉዳቱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ እንደ ታማሚውም ዕድሜ ይለያያል። የታከመ ሁሉ መካን ይሆናል ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል?

አንደኛ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት ዘሩ ተወስዶ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥለት ይችላል። ላልደረሰ ወንድ ልጅ የሚሆነው ዘዴ ገና በምርምር ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንቁላሏ ወጥቶ ይቀመጣል። ይህ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ሦስተኛ፣ ላልደረሰች ልጅ እንቁላል ማምረቻዋ በቀዶ ሕክምና ተወስዶ ይቀመጣል። በኮንጎ የተወለደች አንዲት ልጅ ሲክል ሴል ለተባለ የደም ሕመም ከባድ ኬሞቴራፒ ከመውሰዷ በፊት በ13 ዓመቷ በቤልጂየም እንዲህ ተደረገላት። ካደገች በኋላ ተመልሶ ተተከለላትና እ.ኤ.አ. በ2014 ወንድ ልጅ ወለደች።

አራተኛ፣ ሕክምናው ጨረር ከሆነ፣ ሐኪሙ እንቁላል ማምረቻውን ከጨረሩ መንገድ ገለል ሊያደርግ፣ የወንዱንም የዘር ፍሬ ሊከልል ይችላል።

ዘርና እንቁላል ማስቀመጥ በካምፓችን አይቻልም። አገልግሎቱ ያለው ናይሮቢን በመሳሰሉ ከተሞች ነው፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ከጨረር መከለልን ግን ጨረሩ የሚሰጥበትን ሆስፒታል ጠይቁ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ሪፈር ሲጻፍላችሁ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት፣ «ይህ ሕክምና ልጄን ወደፊት ከመውለድ ያግደዋል ወይ? ምንስ ሊደረግ ይቻላል?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህ ነውር አይደለም። አስተርጓሚው የምታውቁት ሰው ሆኖ ካፈራችሁ ሌላ እንዲመጣላችሁ ንገሩ። የልጁንም ሐሳብ ስሙ። ሐኪሙ «ሕክምናው ቀን አይሰጥም» ካለ ግን ሕክምናው ይቅደም፤ ከሁሉ በፊት ሕይወት ነውና።

እናንተ በሕክምና ላይ ያላችሁ ወጣት ሴቶች ደግሞ፣ የወር አበባ ቢቀርም እርግዝና ሊመጣ እንደሚችል አትርሱ። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ ስለ መከላከያ ነርሷን አማክሩ።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ለጎረቤት አሳልፉ።